ዘረኝነት እኛን አይመለከትም?

አሜሪካ በሚኖሩ ሐበሾች ቤት ተደጋግሞ የሚሰማ ነገር አለ፦ «እኛ በባርነት አልመጣንም፤ ይሄ የጥቁር አሜሪካውያን ጣጣ ነው።»

ኢትዮጵያዊው ሙሉጌታ ሥራውም አሜሪካ በባርነት አልሄደም፤ ለትምህርት ነበር የሄደው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1988 ፖርትላንድ፣ ኦሪገን ውስጥ የነጭ የበላይነትን የሚያቀነቅኑ ሦስት ወጣቶች ከቤቱ አቅራቢያ ተረባርበው ደበደቡት፤ አንዱ በቤዝቦል ዱላ ራሱን መትቶ ገደለው። 28 ዓመቱ ነበር። ገዳዩ በዘሩ ምክንያት እንደገደለው በፍርድ ቤት አምኗል። በ1990 ደግሞ የጁሪ ዳኞች ከገዳዮቹ ጋር የነጭ የበላይነት ቀስቃሹ ቶም ሜትዝገርና ድርጅቱም ተጠያቂ ናቸው ብለው 12.5 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ፈረዱ። ለቤተሰቡ የተሟገተው ከጥቁሮች የመብት ትግል የወጣ የአላባማ የሕግ ተቋም ነው። ለብዙዎቻችን በር የከፈተው የ1965ቱ የስደተኞች ሕግም የወጣው ያ ትግል በጋለበት ወቅት ነው። ታዲያ ምኑ ነው የእኛ ያልሆነው?

ሁለተኛው እምነት ዝምታ ልጅን ይጠብቃል የሚለው ነው። ልጅቷ ከትምህርት ቤት መጥታ «ቆዳሽ ቆሻሻ ይመስላል አሉኝ» ትላለች። እናት ደንግጣ «ተያቸው፣ አትስሚያቸው፣ አንቺ ብቻ ተማሪ» ትላታለች። ከፍቅርና ከፍርሃት የመጣ መልስ ነው፤ ልጅቷ የምትይዘው ግን ይህ ነገር እቤት እንደማይወራ ነው። በማግስቱ ሆዴን አመመኝ ትላለች፤ ሌሊት እንቅልፍ ታጣለች። እኛ ዝም ስላልን ልጆች ልዩነቱን አያዩም ማለት አይደለም፤ ሕፃናት ገና በሦስት ወራቸው የራሳቸውን ዘር ፊት ከሌላው መለየት እንደሚጀምሩ ጥናት አሳይቷል። ስለ ማንነታቸው ከወላጆቻቸው በኩራት የሚሰሙ ልጆችም ለራሳቸው ያላቸው ግምት ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ እንዲህ እንበላት፦ «ማን ነው እንዲህ ያለሽ? ያኔ ምን ተሰማሽ? ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፤ ነገ አብሬሽ ሄጄ መምህርሽን አናግራለሁ።» መሄድም ያስፈልጋል።

ጊዜ ይሽረዋል የሚሉም አሉ። ሆድ ይፍጀው የተባለ ነገር ግን ሰውነት ውስጥ ይቀመጣል፤ መባነን፣ ሱቅ ሲገቡ መሳቀቅ፣ የፖሊስ መኪና ሲያዩ ልብ መምታት ሆኖ ይወጣል። በዕድሩ፣ በቤተ ክርስቲያኑና በመስጊዱ የደረሰብንን የምንነጋገርበት ሰዓት ቢኖር፣ ብሶበት እንቅልፍ ያጣ ሰውም ወደ ባለሙያ ቢላክ፣ ሸክሙ ይቀልላል።

ከሁሉም የሚከብደኝ «እኛ ዘረኛ አይደለንም» የሚለው ነው። ቡና ተፈልቶ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን «ከእነሱ ጋር አትዋል» የሚባለው ልጅ መስታወት ሲያይ የሚያገኘው ያንኑ ቆዳ ነው። ሴት ልጅ ጥቁር አሜሪካዊ ልታገባ ነው ሲባል የሚለቀስበት ቤት አውቃለሁ። ነገር ግን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማረው ኢትዮጵያዊው ዶክተር መላኩ በያን ጥቁር አሜሪካዊቷን ዶሮቲ ሃድሊን አግብቶ ነበር። ኢትዮጵያ በፋሺስት ኢጣሊያ በተያዘች ጊዜ፣ በ1937 ኒውዮርክ ላይ የኢትዮጵያ የዓለም ፌዴሬሽንን መሠረተ፤ ከድህነታቸው ቆጥበው ለአገራችን የሰጡት አባላትም በአብዛኛው ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። ልጃችንን ለማግባት የሚመጣውን ጥቁር አሜሪካዊ ወጣት በሩ ላይ ስንቀበለው ይህን ብናስታውስ ደስ ይለኛል።