በየጠዋቱ የሚመጣ ታካሚ

የቲቢ ሕክምና የጀመረ ሰው በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት በየጠዋቱ ወደ ጤና ጣቢያ ይመጣል። ኪኒኑን እኛ ፊት ይውጣል፣ ትንሽ ተቀምጦ ያወራል፣ ወደ ሥራው ይሄዳል። ሐኪሙን ከስንት ጊዜ አንዴ ነው የሚያገኘው፤ ነርሷን ግን በየቀኑ። ሌሊት ሲያልበው እንዳደረ፣ ምግብ መቼ እንደጣፈጠው፣ ቀበቶው መቼ መጥበብ እንደጀመረ ቀድመን የምንሰማው እኛ ነን። ሲጋራ ማቆም የሚፈልግን ሰው ለመርዳት በአገራችን ከቲቢ ክፍል የተሻለ ቦታ ያለ አይመስለኝም። ብዙ ባልደረቦቼ ግን ኪኒኑን ቆጥረው ሰጥተው፣ ካርዱ ላይ ምልክት አድርገው ያሰናብቱታል። ይህ ያሳስበኛል።

«ኢትዮጵያ ውስጥ የሚያጨሰው እኮ ጥቂት ሰው ነው» ይሉኛል። ልክ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀሙት ከአዋቂዎች 5 በመቶ ነበሩ፤ ከወንዶች 8.1፣ ከሴቶች ደግሞ 1.8 በመቶ። ነገር ግን ማጨስ በቲቢ የመያዝን ዕድል ከእጥፍ በላይ ስለሚያሳድገው፣ እነዚያ ጥቂቶች ዞሮ ዞሮ የሚመጡት ወደ እኛ ነው። የሚኒባስ ሾፌሩ፣ ረዳቱ፣ የሌሊት ዘበኛው፣ ሲሚንቶ ሲሸከም የሚውለው ወጣት። ማጨሱን ከቀጠለ ደግሞ ሕክምናው ላይሰምር፣ ከዳነም በኋላ በሽታው ሊያገረሽበት ይችላል። ስለዚህ ስለ ሲጋራው መጠየቅ የቲቢ ሕክምናው አካል ነው፤ ጊዜ ሲተርፍ የሚደረግ ተጨማሪ ሥራ አይደለም።

መጠየቅ ራሱ ሙያ ይጠይቃል። በመጀመሪያው ቀን ታካሚው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከእናቱ፣ ከሚስቱ ወይም ከወንድሙ ጋር ነው። እነሱ ፊት «ታጨሳለህ?» ብትሉት «ኧረ በፍጹም!» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ያንን ቃሉን ማጠፍ ይከብደዋል። ማጨስ በእኛ አገር ነውር ነው፤ በሃይማኖቱም በቤተሰቡም። ለሴት ደግሞ ይብሳል። ሽታው እንዳይታወቅባት ዕጣን እያጨሰች፣ ባሏ ሥራ ሲውል ጓሮ ወጥታ የምታጨስ እናት አውቃለሁ። በነገርኳት ምክር አይደለም ያመነችኝ፤ አስታማሚዎቿን ውጭ አስቀምጬ፣ ድምፄን ሳላጠነክር፣ ስለ እንቅልፏና ስለ ምግቧ በጠየቅሁበት አንደበት ስለ ሲጋራም ስለጠየቅኋት ነው። እኔ የምጠይቀው እንዲህ ነው፦ «ሲጋራ፣ ሺሻ፣ ጋያ፣ ሱረት፣ ከእነዚህ የሞከርሽው አለ? የመጨረሻው መቼ ነበር?» ትልልቅ ሰዎችን «አባቴ፣ ጠዋት ከእንቅልፍዎ ሲነሱ የመጀመሪያዋን በስንት ደቂቃ ውስጥ ይለኩሳሉ?» እላቸዋለሁ። ይህች የመጨረሻዋ ጥያቄ ብዙ ትናገራለች። ፊቱን ሳይታጠብ፣ በ5 ደቂቃ ውስጥ የሚለኩስ ሰው ሱሱ የጠነከረ ነው፤ የሚያስፈልገው ድጋፍም እንደዚያው።

«መድኃኒት በሌለበት በባዶ ምክር ምን ይሆናል?» የሚለው ተስፋ መቁረጥ በባለሙያው ዘንድ ሥር ሰድዷል። የኒኮቲን ማስቲካና ልጥፍ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ከገቡ ቆይተዋል፤ እኔ በሠራሁባቸው ጤና ጣቢያዎች መደርደሪያ ላይ ግን አይቻቸው አላውቅም። ሲጋራ ለማቆም የሚረዳው ቡፕሮፒዮን የተባለው ኪኒን ቢገኝ እንኳ፣ የቲቢ ታካሚ የሚወስደው ሪፋምፒሲን በደም ውስጥ ያለውን መጠን ያወርደዋል። ታዲያ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ የፓኪስታን ጥናት ለእኛ ዓይነቱ ክፍል የተሠራ ይመስለኛል። ተሳታፊዎቹ በሳል ምክንያት በቲቢ የተጠረጠሩ 1,955 አጫሾች ነበሩ። የተለመደው አገልግሎት ብቻ ከተሰጣቸው መካከል ለ6 ወር ሳያጨሱ የቆዩት 8.5 በመቶ ናቸው። በሠለጠነ የጤና ባለሙያ በአጭር በአጭሩ ሁለት ጊዜ ከተመከሩት ውስጥ 41 በመቶ። ምክርም ቡፕሮፒዮንም ያገኙት 45.4 በመቶ። ከ8.5 ወደ 41 ያሻገረው ንግግር ነው። ያንን ንግግር ለማድረግ የሚያስፈልገን ወንበር፣ በሩን ዘጋ ማድረግና ምን እንደምንል ማወቅ ብቻ ነው።

ምን እንላለን? «ሲጋራ ሳንባህን ይጎዳል» ማለት ለሚያስል ሰው አዲስ ነገር አይደለም። እኔ የሚያቆምበትን ቀን አስቆርጠዋለሁ። ብዙ ታካሚዎች «ቀስ በቀስ እቀንሳለሁ ሲስተር» ይላሉ፤ ባለሙያውም ይህንኑ ይመክራል። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የእንግሊዝ ጥናት ሁለቱን መንገዶች በ697 አጫሾች ላይ አነጻጽሮ ነበር። ሁለቱም ወገኖች የኒኮቲን ምትክ አግኝተዋል። ከ4 ሳምንት በኋላ፣ በአንድ ቀን ካቆሙት 49 በመቶ፣ ቀስ በቀስ ከቀነሱት 39.2 በመቶ ሳያጨሱ ተገኝተዋል። የእኔም ልምድ ይህንኑ ይደግፋል። ከ10 ፍሬ ወደ 3 የወረደ ሰው ያቺን 3 አጥብቆ ይይዛታል። ስለዚህ «ሰኞ» ካለ ሰኞን ካርዱ ላይ እጽፈዋለሁ፤ እሑድ ማታ ኪሱ ውስጥ ያለውን ፓኮና ላይተር እንዲያስወግድ እነግረዋለሁ፤ ሰኞ ጠዋት ደግሞ ኪኒኑን ሊውጥ ሲመጣ እጠብቀዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ያሉት 3 ቀናት የነርስ ቀናት ናቸው። ሐራራው በጣም የሚበረታው ያኔ ነው። ሰውየው ይነጫነጫል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ልቡ አንድ ቦታ አይረጋም፣ ሆዱ ይደርቅበታል፣ ሳሉም ለጥቂት ቀን ሊብስበት ይችላል። ከሁሉ የምፈራው እዚህ ላይ የሚመጣውን ነው። ታካሚው ይህን ሁሉ በቲቢ መድኃኒቱ ያመካኛል። «ይሄ ኪኒን አሳበደኝ፣ ሚስቴን እስከ መሳደብ አደረሰኝ» ብሎ መድኃኒቱን ለማቋረጥ የተነሳ ሾፌር ገጥሞኛል። ቢያቋርጥ ኖሮ ጉዳቱ ከሲጋራውም ይከፋ ነበር፤ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ምን ማለት እንደሆነ የክፍላችን ሰው ያውቃል። አስቀድሞ የሰማ ሰው ግን አይደነግጥም። «ረቡዕና ሐሙስ ትበሳጫለህ፣ የሲጋራው ሐራራ ነው፣ ኪኒኑ አይደለም። አምሮቱ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ይዞህ ይለቅሃል፤ ያን ጊዜ ውኃ ጠጣ፣ ተነስተህ ተንቀሳቀስ። ቤተሰብህንም ንገራቸው» እለዋለሁ። ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ካስታወከው ወይም እጅ እግሩን ካቃጠለው ግን የመድኃኒቱ ጉዳይ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር እንዲመጣ አጥብቄ እነግረዋለሁ። ይህን ለይቶ ማስረዳት የሚችለው ሁለቱንም የሚከታተል ባለሙያ ነው።

ስለ ጫት ሳይነሳ ይህ ወሬ አይሞላም። ከታካሚዎቼ ብዙዎቹ የሚያጨሱት ሲቅሙ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲጋራ ትዝ ያላለው ሰው ምርቃናው ሲመጣ አንዱን በሌላው ላይ ይለኩሳል። «ጫቱን አልተውም፣ ሲጋራውን ብቻ ነው» የሚለኝን አልቆጣውም፤ እንደማይሆንለት ግን በግልጽ እነግረዋለሁ። ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሚቅምበት ቤት ይቅር። ቡናም ለአንዳንዱ እንደዚሁ ነው፤ ሲኒውን ሲያነሳ ሌላኛው እጁ ኪሱ ይገባል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ከሱቅ በደረቴው ፊት ለፊት ካለው ጀበና ቡና ተነስቶ ቤቱ ከልጆቹ ጋር እንዲጠጣ ነው የምመክረው። ሚስቶችና እናቶች እዚህ ላይ ትልቅ ኃይል አላቸው፤ የሚሆነው ግን እሱ ራሱ ሲነግራቸው እንጂ እኛ ምስጢሩን ስናወጣበት አይደለም።

ከባዱ ጊዜ መጀመሪያው ይመስለናል። በእኔ ግምት ከባዱ ሰውየው ሲሻለው ነው። ሲያስል፣ ሲከሳ፣ ደም ሲያይ፣ ሞትን ስለፈራ በራሱ ያቆመ ብዙ ነው። በሁለተኛው ወር ማብቂያ አክታው ከባክቴሪያው ነፃ ይሆናል፣ ፊቱ ይሞላል፣ ወደ ሥራ ይመለሳል፣ ጓደኞቹ «እንኳን አተረፈህ» ብለው ይጋብዙታል። ልክ በዚያው ሰሞን ከእኛ ጋር የሚገናኝበት ቀን ይራራቃል፤ የኪኒኑም ዓይነት ከአራት ወደ ሁለት ይቀንሳል። ፍርሃቱ ሲለቀው፣ የሚጠይቀው ሰው ሲጠፋ፣ ሲጋራው ተመልሶ ይመጣል። ሆስፒታል ተኝተው የታከሙ አጫሾችን የተመለከቱ ጥናቶችም የሚያሳዩት ይህንኑ ነው፦ ምክሩ ፍሬ የሚያፈራው ታካሚው ከወጣ በኋላ ቢያንስ ለ1 ወር ክትትሉ ሲቀጥል ነው።

በዚህ ምክንያት የሁለተኛው ወር የአክታ ውጤት ሲነገረው «ነፃ ነህ» ብዬ አላሰናብተውም። በዚያው ቀን ስለ ሲጋራው እንደገና እንነጋገራለን፦ የት የት ሊያጋጥመው እንደሚችል፣ ማን ሊሰጠው እንደሚችል፣ ምን ብሎ እንደሚመልስ። ቢወድቅም እንዳይደበቀኝ እነግረዋለሁ፤ አንዴ አጭሶ የተመለሰ ሰው አዲስ ቀን ይቆርጣል እንጂ ከመዝገብ አይሰረዝም። ከዚያም በስልክ እደውላለሁ። ጥሪው አጭር ነው፤ «ወንድሜ፣ እንዴት ነህ? ያ ነገርስ?» ካልኩት ምን እንደምጠይቀው ያውቃል።

ስልኩ የእኔ፣ የአየር ሰዓቱም የእኔ ነው። እኔ ወደ ሌላ ክፍል ስዛወር ጥሪው አብሮ ይቀራል። የክፍል ኃላፊዎችን የምለምነው ይህን ነው፦ ያቆመበት ቀንና ቀጣዩ የስልክ ጥሪ በሕክምና ካርዱ ላይ ይጻፍ፤ የጤና ጣቢያው ስልክ በሳምንት ለአንድ ከሰዓት በኋላ ለዚህ ሥራ ይሰጥ፤ ተረኛ ነርስ ስትቀየር ኪኒኑን እንደምታስረክብ ሁሉ ማን መቼ እንዳቆመም ለተተኪዋ ታስረክብ።