ባህር ዛፍ ያሳሳተን፦ የዛፍ ሐኪም ሥራና የሚጠራበት ጊዜ

አዲስ አበባ ውስጥ ዛፍ ማስቆረጥ የፈለገ ሰው ብዙ አይደክምም። መጥረቢያ፣ መጋዝና ገመድ የያዙ ወጣቶች በየሰፈሩ አሉ፤ ዋጋው በድርድር ያልቃል፣ ማገዶው ከሒሳቡ ላይ ይታሰባል፣ ከሰዓት በኋላ ግቢው ወገግ ይላል። ዛፍ የሚያክም ሰው መፈለግ ግን ለብዙዎቻችን ቅንጦት ይመስላል። እኔ ደግሞ በከተማ ከሚሠሩ ሙያዎች ሁሉ ይህን ያህል የተናቀ አላውቅም።

የዛፍ ሐኪም ሥራው ባጭሩ ይህ ነው፦ የደረቀ ቅርንጫፍ ያወርዳል፣ ሊሰነጠቅ የደረሰ ባላ በብረት ገመድ ያስራል፣ የታመመውን ይመረምራል፣ ተስፋ የሌለውንም ቤትና አጥር ሳይነካ ከላይ ወደ ታች እየቆራረጠ ያወርደዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የትኛው ዛፍ መነካት እንደሌለበት ያውቃል። ሙያው በአሜሪካ እንዲታወቅ ካደረጉት ሰዎች ዋናው፣ እንግሊዝ ተወልዶ ኦሃዮ የከተመው ጆን ዴቪ ነው፤ ስለ ዛፍ ሕክምና የጻፈውን መጽሐፍ በ1901 (እ.ኤ.አ.) አሳትሟል።

እኛ አገር ዛፍ መቁረጥን የተማርነው ከባህር ዛፍ ነው፤ ጣጣውም የሚጀምረው ከዚያ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ከገባ ጀምሮ ማገዶውም፣ አጣናውም፣ የቤቱ ማገርም እሱ ሆነ። ከሥሩ ሲቆርጡት ጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ጥቂት ዓመት ጠብቀው እንደገና ይቆርጡታል። ይህን እያየ ያደገ ሰው ዛፍ ሁሉ ሲቆረጥ የሚታደስ ቢመስለው አይፈረድበትም። ባህር ዛፍ ግን ለዚህ የተሰናዳ ነው፤ ከቅርፊቱ ሥር ተኝተው ጊዜ የሚጠብቁ ቡቃያዎች አሉት። ጽድ እንዲህ ያለ ስንቅ የለውም። ጉቶው አያቆጠቁጥም፤ አረንጓዴ እስከሌለበት እንጨት ድረስ የተቆረጠ ቅርንጫፉም ደርቆ ይቀራል።

አንዲት ጎረቤቴ ግቢያቸው ውስጥ የነበረውን ሽማግሌ ጽድ፣ ጣሪያ ላይ እያራገፈ አስቸገረኝ ብለው ቅርንጫፎቹን እስከ ግንዱ ሊያስመለምሉት ተነሡ። «እትዬ፣ ይሄ እኮ አይመለስም» ብላቸው፣ «ዛፍ አይደል እንዴ ልጄ? ክረምት ሲገባ ያቆጠቁጣል» አሉኝ። ክረምቱ ገባ፣ ወጣ፤ ጽዱ አላቆጠቆጠም። ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም። ባህር ዛፍ ያስተማረውን አምኖ ነው።

ከዚህ የሚብሰው ስህተት ግን የሚያቆጠቁጡትንም ዛፎች ይመለከታል፤ ዛፍ ሲቆስል ቁስሉ እንደ ሰው ገላ ይድናል የሚለው ነው። አይድንም። ይህን በማስረጃ ያሳየው በአሜሪካ የደን አገልግሎት ተመራማሪ የነበረው አሌክስ ሺጎ ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት ግንድን የሚያዩት በአብዛኛው አግድም ተቆርጦ ነበር፤ ሺጎ የሞተር መጋዝ ይዞ በሺዎች የሚቆጠሩ ግንዶችን ከላይ እስከ ታች እየሰነጠቀ የብስባሹን መንገድ ተከተለ። የሰው ቆዳ ሲቀደድ የሞተው ሥጋ በአዲስ ይተካል። ዛፍ ግን የተጎዳውን እንጨት አይተካም፤ አጥር ሠርቶ ያገልለዋል። በ1977 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጽሑፍ እነዚህን አጥሮች አራት አድርጎ ከፋፈላቸው።

የመጀመሪያው ብስባሹ ወደ ላይና ወደ ታች እንዳይሄድ ውኃ የሚያመላልሱትን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናል፤ ከአራቱ ደካማው ይህ ነው። ስለዚህ ነው ብስባሽ በግንድ ውስጥ ሽቅብና ቁልቁል ረጅም መንገድ የሚጓዘው። ሁለተኛው ወደ ግንዱ እምብርት እንዳይገባ፣ ሦስተኛው ወደ ጎን እንዳይስፋፋ ይከላከላሉ። አራተኛው ዛፉ ከቆሰለ በኋላ የሚሠራው ነው፤ በቁስሉ ጊዜ በነበረው እንጨትና ከዚያ ወዲያ በሚበቅለው መካከል ይቆማል፣ ከሁሉም የሚጠነክረው እሱ ነው። ውስጡ ተቦርቡሮ ሰው የሚያስጠልል ዋርካ በየዓመቱ ቅጠል የሚያወጣው በዚህ ምክንያት ነው፤ አሮጌው እንጨት ጠፍቷል፣ አዲሱ ግን ከአጥሩ ውጭ ጤነኛ ሆኖ እያደገ ነው። ክፍት ግንድ አይታችሁ «አልቆለታል» አትበሉ፤ የቀረው ጤነኛ እንጨት ምን ያህል ውፍረት እንዳለው የሚለካ ሰው አስጠሩ።

እንግዲህ የዛፍ ቁስል የማይድን ከሆነ፣ ምላጩ የሚያርፍበት ቦታ ዋናው ነገር ይሆናል። ቅርንጫፍ ከግንዱ የሚወጣበትን ቦታ ልብ ብላችሁ እዩ፤ ሥሩ ላይ ክብ እብጠት አለ፣ ከላይ በኩል ደግሞ ባላው ውስጥ የተሸበሸበ ቅርፊት። ያ እብጠት የቅርንጫፉ አንገት ነው። የግንዱ እንጨትና የቅርንጫፉ እንጨት የሚጠላለፉት እዚያ ሲሆን፣ ዛፉ ብስባሽን የሚገታበት ዋናው ምሽግም እሱ ነው። ከአንገቱ ውጭ ከተቆረጠ አዲሱ እንጨት ከዙሪያው ቀለበት ሠርቶ ቁስሉን እያለበሰ ይመጣል። አንገቱ ተላጭቶ ከግንዱ ጋር እኩል ከተቆረጠ ግን ቁስሉ የቅርንጫፍ መሆኑ ቀርቶ የግንድ ይሆናል። ረጅም ጉማጅ መተውም ጥፋት ነው፤ የሞተው ጉማጅ አንገቱ እንዳይዘጋ እንቅፋት ሆኖ ይቆያል።

በሰፈራችን ዛፍ የሚመለምል አንድ ወጣት ነበር፤ እጁ ፈጣን፣ ከፍታ የማይፈራ። «ጋሼ፣ ከግንዱ ጋር እኩል ካልሆነ እኮ ባለቤቱ ሥራ አይለውም፤ ጉቶ ተወ ይለኛል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ልጁን ያበላሸነው እኛው ነን። አጥሩ አጠገብ ያለ ግራቪሊያ ላይ ሁለት የቆዩ ቁስሎች አሳየሁት። አንገቱ የተረፈለት በቀለበት ተዘግቷል፤ የተላጨው መሐሉ ጠቁሮ ጣት ያስገባል። ጣቱን አስገብቶ ቆየና፣ «ታዲያ ይሄንን ለባለቤቱ ማን ይንገረው?» አለ። እነሆ፣ ለባለቤቶች እየነገርኩ ነው።

ከባድ ቅርንጫፍ በሦስት ቁርጥ ይወርዳል። መጀመሪያ ከግንዱ ትንሽ ራቅ ተብሎ ከሥሩ በኩል በከፊል ይቆረጣል። ቀጥሎ ከዚያ ወጣ ብሎ ከላይ ይቆረጥና ክብደቱ ይወርዳል። በመጨረሻ የቀረው ጉማጅ ከአንገቱ ውጭ ይነሣል። የታችኛው ቁርጥ ከተዘለለ ቅርንጫፉ ሲወድቅ የግንዱን ቅርፊት ልጦ ይዞት ይሄዳል።

ቁስል ላይ ቀለም፣ ሬንጅ ወይም የተቃጠለ ዘይት መቀባት መበስበስን አያስቆምም፤ እርጥበት ይዞ ይባስ ሊያግዘው ይችላል። ቦርቡር በሲሚንቶ መሙላትም በዴቪ ዘመን የተከበረ ጥበብ ነበር፤ ዛሬ ባለሙያዎቹ ትተውታል፣ ምክንያቱም ሲሚንቶው ከዛፉ ጋር አይወዛወዝም፣ ውስጡን እየፋቀ አጥሩን ያፈርሳል። አናት መቁረጥንም ተዉ። ከተቆረጠው ጫፍ የሚፈነዱት ቀንበጦች ሥር የሰደዱ ቅርንጫፎች አይደሉም፤ በላይኛው ሽፋን ላይ ብቻ ተጣብቀው በፍጥነት ይረዝማሉ፣ ከብደው በነፋስ ይገነጠላሉ። «እንዳይወድቅብኝ» ተብሎ አናቱ የተቆረጠ ዛፍ ከዓመታት በኋላ የበለጠ አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሥሩን በአንድ ነገር ልለፈው፤ አብዛኛው ሥር ጥልቅ አይደለም። ከላይኛው አፈር ውስጥ ከቅጠሉ ጥላ አልፎ ይዘረጋል። ለቧንቧ ቦይ ስታስቆፍሩ፣ እስከ ግንዱ ድረስ ኮንክሪት ስታስሞሉ ዛፉን እየቆረጣችሁ ነው።

ባለሙያ መቼ ይጠራ? ዛፉ በቅርቡ መዘንበል ከጀመረና በተቃራኒው በኩል አፈሩ ከተነሣ ወይም ከተሰነጠቀ፣ ለነገ አትበሉ። ግንዱ ሥር እንጉዳይ ከበቀለ፣ ባላው ላይ ስንጥቅ ከታየ፣ ከመኝታ ቤት ወይም ከመንገድ በላይ ወፍራም ደረቅ ቅርንጫፍ ካለ፣ ባለሙያ አስጠሩ። ቅርንጫፉ የመብራት ሽቦ ከነካ መሰላል አታቁሙ፤ ለመብራት ኃይል አመልክቱ። በየዓመቱ ግንቦት ላይ፣ መሬቱ በዝናብ ሳይለሰልስና ንፋሱ ሳይበረታ፣ ዛፋችሁን ዞራችሁ እዩ። እግራችሁ መሬት ላይ ሆኖ በእጅ መጋዝ የምትደርሱበት ቀጭን ቅርንጫፍ ግን ለማንም ገንዘብ አያስከፍላችሁም።

ባለሙያው ሲመጣ ጠይቁት፣ አሠራሩንም እዩ። ሕያው ዛፍ ላይ ባለ ሹል ብረት ጫማ አድርጎ የሚወጣ፣ በእያንዳንዱ እርምጃው አዲስ ቁስል ይከፍታል፤ ያ የሚፈቀደው ሊቆረጥ የተወሰነበት ዛፍ ላይ ነው። «አናቱን ላሳጥረው» ብሎ የሚጀምረውን አሰናብቱ። በአንድ ጊዜ ከቅጠሉ ሩብ በላይ ማውረድ የሚፈልገውንም እንዲሁ። ጥሩው ቅርንጫፉን በገመድ አስሮ ቀስ ብሎ ያወርዳል፤ የራስ ቁርና የደህንነት ቀበቶ ያደርጋል፤ «ይህንንስ ለምን ትቆርጠዋለህ?» ስትሉት ለእያንዳንዱ ምክንያት አለው።

አሜሪካ ለምትኖሩ ወገኖቼ ደግሞ ነገሩ ሕግም አለበት። ሜሪላንድ ውስጥ ይህን ሥራ በክፍያ የሚሠራ ሰው የስቴቱን ፈቃድ መያዝ አለበት፤ ፈቃዱንና የኢንሹራንስ ወረቀቱን ሳታዩ አታስጀምሩ፣ ከዛፍ የወደቀ ሠራተኛ ጉዳይ ወደ ቤቱ ባለቤት ሊዞር ይችላልና። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የግንዱ ዙሪያ 44 ኢንች የደረሰ ዛፍ ያለ ፈቃድ አይቆረጥም። 100 ኢንችና ከዚያ በላይ የሆነው አደገኛ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር ጭራሽ አይቆረጥም፤ የግቢያችሁ መሆኑ ከቅጣት አያድናችሁም።

ባለሙያ ካጣችሁ ወይም ገንዘቡ ካልበቃ አንድ ነገር ያዙ፦ የሞተውን ብቻ አስወርዱ፣ ሕያውን ተዉት። በማያውቅ እጅ ከተመለመለ ዛፍ ይልቅ ማንም ያልነካው ይበልጣል። ልማድ ሆኖባችሁ «ዘንድሮም እናስቆርጠው» ስትሉ፣ የትኛው ቅርንጫፍ ማንን እንደሚያሰጋ ጣታችሁን ቀስራችሁ ማሳየት ካልቻላችሁ ቆራጩን አትጥሩት።