በኮምፒውተር ተከፍቶ በእጅ ስልክ እምቢ ስለሚል ድረ ገጽ

የአጥቢያው ድረ ገጽ በጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር በትክክል ሲከፈት ሥራው የተሟላ ይመስላል። ይሁን እንጂ ምእመኑ የሕንፃ ማሠሪያውን የባንክ ሒሳብ ቁጥር በእጅ ስልኩ ሲፈልግ ገጹ አልከፈት ቢለው፣ ወይም ከመግቢያው ገጽ በቀር ሌላ ባያገኝ፣ ሊሰጥ ያሰበውን ሳይሰጥ ይመለሳል። የዚህ እክል ምንጭ ብዙ ጊዜ በሰርቨሩ ላይ የተጻፈ የማዘዋወሪያ ትእዛዝ ነው።

ስልኩ ገጹን ሲጠይቅ የመሣሪያውን ዓይነት የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ አብሮ ይልካል። ሰርቨሩም ያን አይቶ ጎብኚውን ለስልክ ወደተዘጋጀ ሌላ አድራሻ ያዘዋውረዋል። በዚህ ሂደት ሦስት ስሕተቶች ዘወትር ይታያሉ።

የመጀመሪያው መሽከርከር ነው። አንዱ ትእዛዝ ጎብኚውን ወደ ስልኩ አድራሻ ሲልከው ሌላው ወደ ዋናው አድራሻ ይመልሰዋል፤ መመላለሱ ሲበዛ ስልኩ ማዘዋወሩ እንደበዛ ገልጾ ያቆማል። መፍትሔው ለስልክ የተዘጋጀውን አድራሻ ከሁለተኛው ትእዛዝ ነጻ ማድረግ ነው።

ሁለተኛው የተጠየቀውን ገጽ መጣል ነው። ትእዛዙ ሁሉንም ወደ መግቢያው ገጽ ከላከ ምእመኑ የፈለገውን አያገኝም። ስለዚህ እያንዳንዱ ገጽ ወደ አቻው መመራት አለበት።

ሦስተኛው የቁጥር ምርጫ ነው። 301 ቋሚ፣ 302 ደግሞ ጊዜያዊ መዘዋወርን ያመለክታል። ስልኩ 301ን በማስታወሻው ሊያኖር ስለሚችል ስሕተቱ ከታረመ በኋላም የቀድሞውን መንገድ ሊከተል ይችላል። እርማቱ እስኪረጋገጥ ድረስ በ302 መጠቀም፣ ሙከራውንም በስልኩ የግል መስኮት ማድረግ ይገባል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን አንድ አድራሻ ይዞ ገጹ ራሱ እንደ መስተዋቱ ስፋት እንዲስተካከል ማሠራት ነው። በመሣሪያ ዓይነት መለየት ሁልጊዜ አያስተማምንም፤ ለምሳሌ ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ አይፓድ በሳፋሪ በኩል ራሱን እንደ ማክ ኮምፒውተር ያስተዋውቃል።

እንግዲህ የሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት የድረ ገጹን አድራሻ በማስታወቂያ ከማውጣቱ አስቀድሞ፣ የሒሳብ ቁጥሩን ገጽ ቢያንስ በሁለት ዓይነት ስልኮች ከፍቶ ይመልከት። ለባለሙያው ሲያመለክትም “አይሠራም” ከማለት ይልቅ የተከፈተውን አድራሻ፣ የደረሰበትን ገጽና የስልኩን ዓይነት ጽፎ ይስጠው።