ፍላጻን ከቀስቱ ጋር ስለ ማስማማት

ፍላጻ ዒላማውን በሳተ ጊዜ ብዙ ሰው ጥፋቱን በቀስተኛው እጅ ወይም በዓይኑ ላይ ያደርገዋል። ይሁን እንጂ እጁ የጸና፥ ዓይኑም የቀና ሰው ከቀስቱ ጋር ያልተስማማ ፍላጻ ቢሰድ፥ ፍላጻው ወደ ጐን ማዘንበሉ አይቀርም። ቀስትና ፍላጻ በአንድ ቀንበር እንደ ተጠመዱ በሬዎች ናቸው፤ ጕልበታቸው ያልተመጣጠነ እንደ ሆነ ትልሙ ይጣመማል። የዚህም ጽሑፍ ዓላማ ፍላጻ በምን እንደሚመረጥና በምን እንደሚስተካከል ለመምህራንና ለአገር ሽማግሎች መግለጽ ነው። በተለመደው አነጋገር ቀስት ማለት ሁለቱንም ስለሚያጠቃልል፥ እዚህ ላይ የሚገተረውን እንጨት ቀስት፥ ጅማቱን አውታር፥ የሚወረወረውን ፍላጻ እንለዋለን።

መሣሪያው በአገራችን ጥንታዊ ነው። በመተማ በኩል በሺንፋ ወንዝ አጠገብ ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት የኖሩ ሰዎች የተዉአቸው ትንንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን የድንጋይ ስለቶች ተገኝተዋል፤ የመረመሯቸውም ሊቃውንት በ2016 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ የፍላጻ ጫፎች ሳይሆኑ አይቀሩም ብለዋል። የግሪኩ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ480 ዓመት ከፋርስ ንጉሥ ጋር ስለ ዘመቱት፥ ከግብፅ በስተ ደቡብ ስለ ነበሩት ኢትዮጵያውያን ሲናገር፥ ቀስታቸው ከአራት ክንድ የማያንስ፥ ፍላጻቸው አጭር የመቃ ዘንግ፥ ጫፉም የተሳለ ድንጋይ እንደ ነበረ ጽፏል። በመተከል የሚኖረው የጉሙዝ ሕዝብም በቀስት የታወቀ ነው።

ፍላጻ ከቀስቱ ጋር መስማማት የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው። ፍላጻ በቀስቱ ጐን ተደግፎ ይቀመጣል እንጂ በእጀታው መካከል አያልፍም። አውታሩ በተለቀቀ ጊዜ ግን ወደ ቀስቱ መካከል ይገሠግሣልና፥ የፍላጻውን ኋላ እየገፋ ዘንጉን ያስጐነብሰዋል። ዘንጉም እንደ እባብ ወዲያና ወዲህ እየተለመጠ እጀታውን ዞሮ ያልፋል፤ ከዚያም ላባው ያቀናዋል። ዘንጉ ግትር የሆነ እንደ ሆነ በእጀታው ተገፍቶ ወደ ውጭ ይሄዳል፤ ከመጠን በላይ ተለማጭ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ወደ ተቃራኒው ያዘነብላል። ስለዚህ አውታሩን በቀኝ እጁ ለሚስብና ፍላጻውን በቀስቱ ግራ ለሚያስቀምጥ ሰው፥ ግትሩ ወደ ግራ፥ ተለማጩ ወደ ቀኝ ይስታል።

ለዘንግ የሚሆነውን መቃ መምረጥ ለብርዕ የሚሆነውን እንደ መምረጥ ነው። ለጋው ሲደርቅ ይጨማደዳልና፥ የበሰለውን ቈርጦ፥ ብዙውን በአንድነት ጠፍሮ በጥላ ማድረቅ ይገባል። የተጣመመውን በፍም ሙቀት አለዝቦ ማቅናት ይቻላል። የመቃ ብርታት በውጭኛው ገላው ስለሆነ አይፋቅም፤ የእንጨት ዘንግ ግን ተፍቆ ይቀጥናል። አውታሩ የሚገባበት ስንጥቅ እንዳይተረተር በክር ወይም በጅማት ይጠምጠም። ርዝመቱም አውታሩ እስከ መጨረሻ ሲሳብ ከእጀታው ሦስት ጣት ያህል አልፎ የሚቀር ይሁን፤ ያጠረ እንደ ሆነ ብረቱ ወደ ኋላ ተስቦ የቀስተኛውን እጅ ይወጋል።

ከዚህ በኋላ መለካት ይከተላል። በመጀመሪያ የቀስቱ ጕልበት ይታወቅ። የቀስቱን እጀታ ከቅርንጫፍ ጋር አስሮ፥ በአውታሩ መካከል ጀሪካን አንጠልጥሎ፥ አውታሩ ቀስተኛው እስከሚስብበት ልክ እስኪወርድ ድረስ ውሃ መጨመር ነው። ከዚያም ጀሪካኑን ቡና በሚመዘንበት ሚዛን መመዘን ነው። ቀጥሎ በ66 ሳንቲ ሜትር ርቀት ሁለት ችካል ተክሎ፥ ዘንጉን በላያቸው አጋድሞ፥ በመካከሉ 900 ግራም የሚሆን ክብደት ማንጠልጠልና ስንት ሚሊ ሜትር እንደ ጐበጠ ማየት ነው። ለ14 ኪሎ ቀስት 22 ሚሊ ሜትር ያህል፥ ለ18 ኪሎ ቀስት ከ16 እስከ 17፥ ለ23 ኪሎ ቀስት 13 ሚሊ ሜትር ያህል የሚጐብጥ ዘንግ ይስማማል። ይህ ልክ ለእንጨት ፍላጻ የወጣ ቢሆንም ለመቃም መነሻ ይሆናል።

ክብደቱም ይመዘን። ለ18 ኪሎ ቀስት ከነብረቱ ከ21 እስከ 26 ግራም የሚመዝን ፍላጻ መልካም ነው። እጅግ የቀለለ ፍላጻ የቀስቱን ኃይል ሁሉ ይዞ ስለማይሄድ፥ የቀረው ኃይል በቀስቱ ላይ ተመልሶ ይሰብረዋል። በጣት ላይ አጋድሞ ሲመዝኑትም ሚዛኑ ከመካከሉ ወደ ብረቱ ያደላ ይሁን፤ ርዝመቱ 75 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ፍላጻ ከመካከሉ ከ8 እስከ 11 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ማለት ነው።

የመጨረሻው ዳኛ ሙከራ ነው። ላባ ያለውንና ላባ የሌለውን ፍላጻ በ10 እርምጃ ርቀት ወደ ጭድ ክምር መስደድ ነው። ላባ የሌለው ወደ ግራ የሄደ እንደ ሆነ ዘንጉ ግትር ነውና፥ ብረቱን ማክበድ ወይም እንጨት ከሆነ ጥቂት መፋቅ ይገባል። ወደ ቀኝ የሄደ እንደ ሆነ ተለማጭ ነውና፥ ብረቱን ማቅለል ወይም ዘንጉን በጥቂት በጥቂት ማሳጠር ይገባል፤ ነገር ግን ያ የሦስት ጣት ትርፍ አይነካ፤ የተቈረጠ መቃም አይቀጠልምና እጅ አይቸኩል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፤ የተለወጠውም ይጻፍ።

ይህን ሁሉ ማወቅ የሚያስፈልገው ስለ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ያልተስማማ ፍላጻ እንስሳውን አይገድለውም፥ ያቈስለዋል እንጂ፤ ቁስለኛውም በዱር ውስጥ ለብዙ ቀን ይሠቃያል። ያለ ፈቃድም የዱር እንስሳ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው። ስለዚህ በሸቤና በበለጤ ደን ዳር ያላችሁ መምህራን ትምህርቱን በጭድ ዒላማ ላይ ብቻ አድርጉት፤ ከዒላማው በስተ ኋላ ሰውና ከብት የማያልፍበትን ስፍራ ምረጡ። መቃና እንጨት የሚያውቁትንም ሽማግሎች ወደ ትምህርት ቤት ጋብዙ። ሽማግሌው በእጁ አለምጦ የሚያውቀውን ተማሪው በሚሊ ሜትር ለክቶ ይጻፈው፤ በእጅ ብቻ የቀረ ዕውቀት ከባለቤቱ ጋር ይቀበራልና።