ባንክ የማያየው እቁብ

እ.ኤ.አ. በ1978 ዋሽንግተን ከተማ ጆርጂያ አቬኑ ላይ «ማማ ደስታ» የሚባል ምግብ ቤት ተከፈተ። ከተማዋ ከዚያ በፊት የኢትዮጵያ ምግብ ቤት አታውቅም ነበር። በ1980ዎቹ ተራው የአዳምስ ሞርጋን ሰፈር ሆነ። በ1990ዎቹ ደግሞ ለምድር ውስጥ ባቡር ሲባል ተቆፋፍሮ የከረመው ዩ ስትሪት ኪራዩ ረክሶ ስለነበር ሐበሻ ገባበት። ሰፈሩ ሲያምርበት ኪራዩም ናረ፤ ብዙው ንግድ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ አቀና።

ይህ ሁሉ ሲከፈት መነሻው ገንዘብ ከየት መጣ? አንዱ ታክሲ ነድቶ፣ ሌላው ፓርኪንግ ውስጥ ሌሊት አድሮ አጠራቅሟል። እቁብ የሌለበት ታሪክ ግን ጥቂት ነው።

እቁብን ለአማርኛ አንባቢ ማስተዋወቅ ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ትውውቁ የሚያስፈልገው በእቁብና በባንክ መካከል ነው፤ ሁለቱ በአንድ መንገድ ላይ እየተላለፉ ሰላም አይባባሉም። ለምሳሌ 20 ሰዎች በየወሩ 1,000 ዶላር ይጥላሉ እንበል። የመጀመሪያው ዕጣ የወጣለት ሰው 20,000 ዶላር ይዞ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ 19 ወር ሳያዛንፍ ይከፍላል። በባንክ ቋንቋ ይህ ሰው ያለ መያዣ ብድር ወስዶ አንድም ቀን ሳያሳልፍ የመለሰ ምርጥ ተበዳሪ ነው። ዳኛው፣ ጸሐፊውና ዋሱ ያውቁታል። ባንኩ ግን የክሬዲት መዝገቡን ሲከፍት ባዶ ሆኖ ያገኘዋል።

መዝገቡ የራሱ ሥርዓት አለው። የተበዳሪን ታማኝነት ለመለካት በስፋት የሚሠራበት የፋይኮ ነጥብ 35 በመቶው የሚሰላው ሰውዬው ዕዳውን በጊዜው በመክፈሉ ወይም ባለመክፈሉ ነው፤ 30 በመቶው ባለበት ዕዳ መጠን፣ 15 በመቶው ክሬዲቱ በቆየበት ዕድሜ፣ ቀሪው ደግሞ በአዳዲስ ብድሮችና በብድሮቹ ዓይነት ይሰላል። ባለፈው ዓመት አሜሪካ የገባ ሰው በአገሩ 15 ዓመት የሞቀ ሱቅ ቢያስተዳድር እንኳ በዚህ ስሌት ገና ዛሬ እንደተወለደ ነው። ዕዳ ነውር ነው ብሎ ሁሉን በጥሬ ገንዘብ የሚከፍል ጨዋ ሰው ደግሞ ለጨዋነቱ የሚያገኘው ነጥብ የለም።

የጥሬ ገንዘቡ ነገር ሌላም ጣጣ አለው፤ ቆም ብሎ ማየት ይገባል። የአሜሪካ ባንክ በአንድ ቀን ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ሲገባ ወይም ሲወጣ ለመንግሥት ሪፖርት ያደርጋል። ሪፖርቱ ክስ አይደለም፤ ቅጽ ነው፤ ተሞልቶ ይላካል፣ ሕይወትም ይቀጥላል። አደጋው ያለው «እንዳይጠይቁኝ» ብሎ የእቁቡን ገንዘብ ዛሬ 9,000፣ ነገ 8,000 እያደረገ ከፋፍሎ ማስገባት ላይ ነው። ሪፖርቱን ለማምለጥ ሲባል የተደረገ ከፋፍሎ ማስገባት፣ ገንዘቡ የላብ ገንዘብ ቢሆንም፣ በራሱ ወንጀል ነው። ይህን ሳያውቅ በየዋህነት የሚሠራው ሰው ጥቂት እንዳይመስላችሁ። ለብድር ሲያመለክቱም ባንኩ የባለቤቱ መዋጮ ከየት እንደመጣ በሒሳብ መግለጫ እንዲታይ ይፈልጋል። «እቁብ ወጣልኝ» ማለት እውነት ቢሆንም ወረቀት አይሆንም።

ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ግን ይህንን ወረቀት የሚጽፍ ድርጅት አለ። ሚሽን አሴት ፈንድ ይባላል። ሊቫይ ስትራውስ የተባለው የጂንስ ኩባንያ ሚሽን በሚባለው የላቲኖች ሰፈር የነበረውን ፋብሪካ በ2002 ሲዘጋ 1 ሚሊዮን ዶላር ለአካባቢው ትቶ ነበር፤ ድርጅቱ በ2007 የተቋቋመው በዚያ ገንዘብ ነው። የመጀመሪያው ሥራ አስኪያጅ ሆሴ ኪንዮኔስ በልጅነቱ ከሜክሲኮ የመጣ ስደተኛ ነው። ሜክሲኮዎች እቁባቸውን ታንዳ ይሉታል፤ የምዕራብ አፍሪካና የካሪቢያን ሰዎች ሱሱ፣ ሶማሌዎች ደግሞ አዩቶ ወይም ሀግባድ። ኪንዮኔስ አዲስ ነገር አልፈጠረም፤ ሰዉ ድሮም የሚያደርገውን አይቶ መዝገብ አስያዘው እንጂ። በ2016 የማክአርተርን ሽልማት ያገኘውም በዚሁ ሥራ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከ6 እስከ 12 የሚሆኑ ሰዎች ይሰበሰባሉ፤ መጀመሪያ ስለ ገንዘብ አያያዝ አጭር ትምህርት ይወስዳሉ። በወር ስንት እንደሚጥሉና ማን መቼ እንደሚወስድ ተነጋግረው ይወስናሉ። እስከዚህ ድረስ የኛው እቁብ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው፦ እያንዳንዱ አባል የብድር ውል ይፈርማል፣ ክፍያው ከባንክ ሒሳቡ በቀጥታ ይቆረጣል፣ ድርጅቱም ወር በወር የተከፈለውን የክሬዲት መዝገቡን ለሚይዙት ኩባንያዎች፣ ለኢክስፒሪያን፣ ለኢኩዊፋክስና ለትራንስዩኒየን ያስተላልፋል። ወለድ የለም። አንድ ሰው ቢያጎድል ድርጅቱ ይሸፍናል፤ ዋስ ፍለጋ የአክስት ልጅ በር አይንኳኳም። የካሊፎርኒያ ምክር ቤት በ2014 ይህን መሰሉ ያለ ወለድ የሚሰጥ አነስተኛ ብድር ሕጋዊ እውቅና እንዲኖረው ሕግ አውጥቷል።

አንዱ ዙር የሚያስገኘው ገንዘብ ትልቅ አይደለም፤ በወር 100 ዶላር የሚጥሉ 10 ሰዎች ለአንዱ የሚያደርሱት 1,000 ዶላር ነው። በዚህ ምግብ ቤት አይከፈትም፣ ለአንድ ደህና ማቀዝቀዣም አይበቃም። ጥቅሙ ሌላ ነው። ዙሩ ሲያልቅ ባዶ የነበረው መዝገብ ውስጥ የ10 ወር ታማኝነት ተጽፎ ይገኛል፤ ቀጣዩን ብድር የሚያስገኘውም እሱ ነው።

ቀጣዩ ብድር የሚገኝበት ቦታ ብዙውን ጊዜ ትልቁ ባንክ አይደለም። የፌዴራሉ የአነስተኛ ንግድ አስተዳደር እስከ 50,000 ዶላር የሚደርስ ማይክሮ ብድር አለው፤ ገንዘቡን ለነጋዴው የሚያቀብሉት ግን በየአካባቢው ያሉ ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶች ናቸው። በዋሽንግተን ዙሪያ ከነዚህ አንዱ ለኛ ቅርብ ነው። ዶክተር ፀሐዬ ተፈራ በ1983 አርሊንግተን ውስጥ የመሠረቱት የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ምክር ቤት ኢንተርፕራይዝ ዴቨሎፕመንት ግሩፕ የሚባል አበዳሪ ቅርንጫፍ አለው፤ ስሙ የኢትዮጵያ ይሁን እንጂ የሚያገለግለው ከየአገሩ የመጣውን ስደተኛ ነው። ወለድ በሃይማኖት ለሚከለከልባቸውም የታሰበበት ቦታ አለ፦ ሚኒያፖሊስ ከተማ ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ፣ ሶማሌው ሁሴን ሳማታር ከመሠረቱት የአፍሪካ ልማት ማዕከል ጋር ሆና፣ በወለድ ፈንታ ቁርጥ ትርፍ የሚታሰብበት ብድር ትሰጥ ነበር።

እንዲህ ያሉ ትናንሽ አበዳሪዎች ለምን እንደሚያስፈልጉ ኮቪድ በግልጽ አሳይቷል። በ2020 ኮንግረስ ለንግዶች የደመወዝ መደጎሚያ 349 ቢሊዮን ዶላር መደበ፤ ገንዘቡ በ13 ቀን አለቀ። ባንኮች ቅድሚያ ያስተናገዱት የቆዩ ደንበኞቻቸውን ነበር። የክሬዲት መስመርም የባንክ ወዳጅም ያልነበረው የጉሊት ያህል ንግድ ማመልከቻውን ሳያስገባ በሩ ተዘጋ።

ገንዘቡ ከተገኘም በኋላ የሚበላው ሌላ ወረቀት አለ፦ የኪራይ ውል። «ትሪፕል ኔት» የሚባለው የውል ዓይነት ላይ ተከራዩ ከኪራዩ በተጨማሪ የሕንፃውን የንብረት ግብር፣ ኢንሹራንስና ጥገና ይከፍላል። ሰፈሩ ሲወደድ ግብሩ ያድጋል፤ ሰፈሩን ያሞቀው ነጋዴ የራሱን መባረሪያ ከኪሱ ያዋጣል ማለት ነው። በዚያ ላይ የግል ዋስትና ከፈረመ፣ ሱቁ ቢዘጋ እንኳ ዕዳው ቤቱ ድረስ ይከተለዋል። ከጠበቃ ጋር የሚውሉባቸው ሁለት ሰዓታት ውድ መስለው ብዙዎች የሚዘሉት እዚህ ላይ ነው፤ የሚከስሩትም እዚሁ ላይ ነው።

«አናሳ» በሚል ስም የሚሰጠው የመንግሥት ድጋፍ ደግሞ እየጠበበ ነው። እንደተጎዱ የሚቆጠሩ አነስተኛ ነጋዴዎች የመንግሥት ጨረታ በቅድሚያ የሚያገኙበት 8ኤ የተባለው ፕሮግራም ጥቁሮችንና ሌሎች ቡድኖችን በቀጥታ እንደተጎዱ ይቆጥር ነበር፤ በ2023 ቴነሲ ውስጥ ያለ የፌዴራል ፍርድ ቤት ይህን ግምት ስላገደ አመልካቹ የደረሰበትን በደል ራሱ ጽፎ ማስረዳት አለበት። ከ1969 ጀምሮ የቆየው የአናሳ ንግዶች ልማት መሥሪያ ቤትም በመጋቢት 2025 በወጣ የፕሬዚዳንት ትእዛዝ ሥራው ሕግ ወደሚያስገድደው ዝቅተኛ ደረጃ እንዲወርድ ተወስኗል። በዚያው ወር የአነስተኛ ንግድ አስተዳደር የዜግነትና የመኖሪያ ፈቃድ መመዘኛውን አጥብቋል፤ ስለዚህ በሽርክና የሚሠራ ነጋዴ ቅጽ ከመሙላቱ በፊት የወቅቱን ደንብ አበዳሪውን ይጠይቅ።

በእቁብ ገንዘብ ንግድ ለመክፈት ያሰበ ሰው ዛሬውኑ የሚጀምረው ነገር አለ፦ እቁቡን በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በባንክ ወይም በቼክ ይጣል፣ የአባላቱን ዝርዝርና የዕጣውን ቅደም ተከተል በጽሑፍ ያስቀምጥ፣ ገንዘቡ ሲደርሰውም ሳይከፋፍል ያስገባ። ቋንቋ የሚያስፈራው ካለም፣ የዋሽንግተን ዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ከ2004 ጀምሮ ይሠራል፤ አማርኛም ዋና ዋና ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ስድስት ቋንቋዎች አንዱ ነው። የንግድ ፈቃድ ለማውጣት ወደ ከተማው መሥሪያ ቤት የሚሄድ ሰው የአማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ መብቱ ነው፤ ክፍያም የለውም።