ከፎቁ ሥር ያሉት እነማን ናቸው?

አዲስ ሕንፃ ሲሠራ አላፊ አግዳሚው ሽቅብ ነው የሚያየው። «ስንተኛ ፎቅ ደረሰ?» ይባላል። መሠረቱ የተቆፈረበት መሬት ቀድሞ ምን እንደነበረ የሚጠይቅ ግን ብዙም የለም። እስቲ እኛ ለዛሬ ቁልቁል እንይ።

በአውሮፓም እንደ እኛው አገር ክርስቲያን የሚቀበረው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ነበር። ታዲያ ከተማው ሲሰፋ ቅጥሩ አብሮ አይሰፋም። ለንደንን እንውሰድ። የሕዝቧ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1801 1 ሚሊዮን ያህል ነበር፤ በ1851 ከ2 ሚሊዮን አለፈ። በሬሳ ላይ ሬሳ መደራረብ ሆነ። የኮሌራው ወረርሽኝ ሲጨመርበት፣ በ1852 የወጣ ሕግ በመሐል ከተማ ያሉት መቃብሮች እንዲዘጉ አደረገ። የተዘጋ መቃብር ደግሞ ውሎ አድሮ ጠያቂ ያጣል። የእንጨቱ ምልክት ይበሰብሳል፣ ዘመድ ይሞታል፣ አፈር ይደለደልበታል። ጠያቂ ያጣ መሬት ለገንቢ ምቹ ነው። በ1884 በተዘጋ መቃብር ላይ ቤት እንዳይሠራ ሌላ ሕግ ቢወጣም፣ እስከዚያው የተሠራው ተሠርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 በሊቨርፑል ስትሪት ለአዲስ ባቡር ጣቢያ ሲቆፈር፣ በ1569 ከተከፈተ መቃብር ከ3 ሺህ በላይ አፅም ወጣ። ስንቱ መንገደኛ በላዩ ሲመላለስ ኖሯል!

የኒው ዮርኩ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። እዚያ ያሉ አፍሪካውያን ባሮች ከነሕይወታቸው የተገፉት አንሶ፣ በ1697 የሥላሴ ቤተ ክርስቲያን በቅጥሩ እንዳይቀበሩ ከለከለ። እነሱም ሙታናቸውን ከከተማው ዳር ወስደው ቀበሩ። ቦታው በ1794 ተዘጋ፤ በአፈር ተሞላ፤ ቤት ተሠራበት። በ1991 የመንግሥት ባለ 34 ፎቅ ሕንፃ ሊሠራ ሲቆፈር አፅሙ ብቅ አለ። የሚገርመው፣ በ1755 የተነሣው የከተማው ካርታ መቃብሩን በስሙ ጽፎት ነበር! መረጃው አልጠፋም፤ የጠፋው የሚገደው ሰው ነው።

ጥቁር አሜሪካውያን ዝም አላሉም። ሰልፍ ወጡ፣ ጮኹ፤ በ1992 ቁፋሮው ቆመ። የ419 ሰዎች አፅም ተጠና። ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ፤ የአዋቂዎቹ አጥንት የከባድ ሸክምን ጉዳት ያሳይ ነበር። በጽሑፍ ያልተነገረውን ግፍ አጥንት ተናገረ። በ2003 በክብር ተመልሰው ተቀበሩ፤ በ2006 ቦታው ብሔራዊ መታሰቢያ ሆነ። ፎቁም አለ፣ መታሰቢያውም ከጎኑ አለ።

እንግዲህ ከተማ አይደግ፣ ፎቅ አይሠራ አንልም። ጥያቄው ከመቆፈሩ በፊት ማን ይጠየቃል ነው። እኛ ዕጩ መምህራን ነገ በየቦታው ስንመደብ ይህ ጉዳይ የኛም ነው። ተማሪዎቻችን ከሰፈሩ ሽማግሌዎች ጠይቀው የቀበሌያቸውን ካርታ ይሳሉ፤ ወንዙን፣ ገበያውን፣ የድሮውን መቃብር ጭምር። ካርታ መሳል ብቻውን ግን አይበቃም፤ የኒው ዮርኩም ተስሎ ነበር። የሚያነበውን ሰው ማፍራት የመምህር ፋንታ ነው።