ሲሊንደሩ መጀመሪያ እሳት ላይ ይፈተናል

እ.ኤ.አ. በ1998 የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የዴልሂ አውቶቡሶች በሙሉ ከናፍጣ ወደ ታመቀ የተፈጥሮ ጋዝ እንዲዞሩ አዘዘ። ስለ ከተማዋ አየር ክስ የመሠረቱት ጠበቃ ኤም. ሲ. ሜህታ ሲሆኑ፣ ጉዳዩን ፍርድ ቤት ያደረሱት ገና በ1985 ነበር። ቀነ ገደቡ ቢራዘምም፣ በ2002 ማብቂያ የናፍጣ የከተማ አውቶቡሶች ከመንገድ ወጡ።

ሥራው ነዳጅ በመቀየር ብቻ አያልቅም። ጋዙ በቂ ርቀት እንዲያስኬድ ከከባቢ አየር 200 ጊዜ ያህል በሚበልጥ ግፊት መታመቅ አለበት። እንዲያም ሆኖ በአንድ ሊትር ቦታ የሚይዘው ኃይል የናፍጣን ሩብ ያህል ነው። አውቶቡሱ ብዙ ሲሊንደር የሚሸከመው ለዚህ ነው። ማደያ ባልተዳረሰበት በዚያ ዘመን የዴልሂ ሾፌሮች ለሰዓታት ተሰልፈዋል።

ተሳፋሪ የሚፈራው ፍንዳታን ነው፤ ስጋቱም ተገቢ ነው። አንድ ዓይነት ሲሊንደር ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ናሙናዎቹ ከከፍታ ይጣላሉ፣ በሺህ ለሚቆጠር ጊዜ ግፊት ተሞልተው ይራገፋሉ፣ እሳት ላይም ይጣዳሉ። በእሳቱ ፈተና ሲሊንደሩ መፈንዳት የለበትም፤ የደህንነት ቫልቩ ተከፍቶ ጋዙን ማስተንፈስ አለበት።

የጋዙ ዋና ክፍል የሆነው ሚቴን ከአየር ይቀላል፤ ሜዳ ላይ ቢያፈተልክ ሽቅብ ይበተናል። ጣሪያ ባለው ጋራዥ ግን እላይ ይጠራቀማልና የጋዝ ጠቋሚው መሣሪያ የሚሰቀለው ጣሪያው አጠገብ ነው።